ጀልባ ረጅም መንገድ ስትጎትቱ፦ ሸራው ይኑር ወይስ ይውለቅ?

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ለጉዞ የተሠራ፣ በጀልባው ልክ የተሰፋ ሸራ ካላችሁ ሸፍናችሁ ሂዱ። ያላችሁ ጀልባው ደጅ ሲያድር ጣል የምታደርጉበት ከሆነ ግን፣ ወይም ያ ሰማያዊው ላስቲክ ከሆነ፣ አውልቃችሁ አጥፉና መኪና ውስጥ ክተቱት። ገልጣችሁ ሂዱ። ሰው ጉድ የሚሆነው መሀል ላይ ነው፤ "ግድ የለም፣ ትንሽ ጠበቅ አድርጌ አስረዋለሁ" የሚለው ላይ።

እኔ ሥራዬ ሸራ ማሰር ነው። ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው የምኖረው፣ የምነዳው ፍላትቤድ ነው፣ ጎንና ጣሪያ የሌለው የጭነት መኪና። በሥራ ቀን ጣውላና ብረት ሸፍኜ አስራለሁ፤ ሰመር ሲገባ ደግሞ የራሴን 17 ጫማ የአሉሚኒየም ጀልባ እጎትታለሁ። ሚኒሶታ ሐይቅ ሞልቶ ለምን ሩቅ ትሄዳለህ ይሉኛል። ወደ ኖርዝ ዳኮታ፣ ወደ ሳካካዊያ ሐይቅ ነው የምሄደው፣ ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ ፍለጋ። ከዚህ 500 ማይል ገደማ ነው፣ አብዛኛው ሜዳ ነው፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ንፋስ አለ። ሸራ የሚፈተነው እዚያ ነው።

ንፋስ በፍጥነት ልክ አይደለም የሚጨምረው፣ ከዚያ በላይ ነው። በሰዓት ከ55 ማይል ወደ 70 ማይል ስትወጡ ሸራውን የሚገፋው ጉልበት በ60 በመቶ ገደማ ያድጋል። በዚያ ላይ 20 ማይል የሚነፍስ ንፋስ ፊት ለፊት ቢመጣ፣ እናንተ በ65 እየነዳችሁ ሸራው 85 ላይ ነው ያለው። ከዚያ ሸራው መንፋት ይጀምራል፣ ይረግባል፣ እንደገና ይነፋል። የሚቀደደው አንዴ ተጎትቶ አይደለም። ለሰዓታት ሲማታ ስፌቱ ይላላና ከዚያ በኋላ አንድ ጥግ መልቀቅ ብቻ ነው የሚቀረው።

ሸራው ባይቀደድም ጀልባው ይጎዳል። በሸራውና በጀልባው መሀል የገባ አቧራ፣ ሸራው በተንቀጠቀጠ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። የፋይበርግላስ ጀልባ ከሆነ አንጸባራቂው ሽፋኑ ይደበዝዛል። የፕላስቲክ የፊት መስታወት ላይ የወጣ ጭረት ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ከመሸፈናችሁ በፊት እጠቡትና ይድረቅ። ቆሻሻ ጀልባ ሸፍኖ ረጅም መንገድ ከመውጣት ገልጦ መሄድ ይሻላል፣ እኔ በበኩሌ።

የጉዞ ሸራ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ጫፉ ዙሪያውን ጠንካራ ገመድ ወይም ማሰሪያ አለበት፣ የቀበቶ ማስገቢያ ቀለበቶቹ የተደጋገሙ ናቸው፣ አየር የሚያስተነፍስ ቀዳዳም አብዛኛውን ጊዜ ይኖረዋል። ጨርቁ ወፍራም ፖሊስተር ቢሆን ደስ ይለኛል። አክሪሊክ የሚባለው ጨርቅ ፀሐይን ይችላል፣ ለቆመ ጀልባ ግሩም ነው፣ መፋተግ ላይ ግን ይደክማል። ዙሪያውን ጠቅ በሚሉ ቁልፎች ብቻ የሚያዘው ሸራ ለመንገድ አይደለም። ቁልፎቹ አንድ በአንድ ይለቃሉ፣ አንዳንዴም ጨርቁን ይዘው ይሄዳሉ። ሻጩ "ለመንገድም ይሆናል" ቢላችሁ፣ ሸራው ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፎ እንደሆነ አሳየኝ በሉት።

አሁን ወደ ማሰሩ። ከፊት ጀምሩ። ንፋሱ የሚገባው ከአፍንጫው ነው፣ ስለዚህ እዚያ ጋ ሸራው ከጀልባው ከንፈር ወረድ ብሎ ጥብቅ ማለት አለበት። ከዚያ ግራና ቀኙን እያፈራረቃችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ቀለበት አትዝለሉ፤ አሥራ ሁለት ካለው አሥራ ሁለቱም ይታሰር። ማሰሪያው የሚያዘው በተጎታቹ ብረት ላይ ነው። በመብራት ሽቦ፣ በጎማ መከለያ ወይም በአክስል ላይ አታስሩ። ሸራ በራቼት፣ ማለትም በእጀታ እየተጠመዘዘ በሚጠብቀው ቀበቶ፣ አይታሰርም፤ ራቼት ጉልበቱ ብዙ ነው፣ ስፌት ይበጥሳል። በእጅ ስቦ የሚያዘው ተራ ዘለበት ይበቃል። ራቼቱ ለራሱ ለጀልባው ነው፣ ከኋላ በሁለቱም በኩል። ከፊት ደግሞ ጀልባውን ወደ ተጎታቹ ከሚስበው መጠምጠሚያ (ዊንች) ሌላ ሰንሰለት ይኑረው። ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለበት የላስቲክ ገመድ ግን ከናካቴው አልጠቀምም። ንፋስ ሲስበው ይለጠጣል፣ ካመለጠ ደግሞ ከኋላ የሚመጣ ሰው መስታወት ላይ ነው የሚያርፈው።

ሁለት የከባድ መኪና ሾፌር ብልሃት ልጨምር። ቀበቶ ዝርግ ሆኖ ከተወጠረ ንፋስ ላይ ይርገበገባል፣ ያፏጫል፣ ይበላል። አንዴ ወይም ሁለቴ ጠምዝዛችሁ እሰሩት፣ ዝም ይላል። የተረፈውን ጭራም ቋጥሩት። ሁለተኛው ጨርቅ ነው። የመስታወቱ ጥግ፣ ገመድ ማሰሪያው ብረት፣ የሞተሩ ጉልላት፣ ሹል ነገር ባለበት ሁሉ ከሸራው ሥር አሮጌ ፎጣ አድርጉ። ቀዳዳ የሚጀምረው ከእነዚህ ቦታዎች ነው።

ዝናብ ሌላ ጣጣ ነው። ሞቴል አድራችሁ ጠዋት ስትወጡ ሸራው መሀል ላይ ኩሬ ሊሠራ ይችላል። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ቢቆም 25 ኪሎ ነው። ይህን ይዛችሁ ሀይዌይ አትግቡ፣ ከታች ገፋ አድርጋችሁ ድፉት። ኩሬውን የሚከለክለው መሀል ላይ የሚቆመው ምሰሶ ነው፣ ግን እሱም በመንገድ መንቀጥቀጥ ይወድቃል። ከፊትና ከኋላ በቀበቶ የተወጠረውን ዓይነት ግዙ።

ገልጣችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሥራው ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ጀልባው ባዶ መሆን አለበት። ላይፍ ጃኬት፣ ትራስ፣ መረብ፣ የበረዶ ሳጥን ክዳን፣ ሁሉም መኪና ውስጥ ይግባ። ከመኪናው ኋላ ያለው አየር ይሽከረከራል፣ ወለል ላይ የተኛውን ቀላል ነገር ሳይቀር ያነሳዋል። ተነቃይ ወንበሮችን ንቀሉ። የፀሐይ ጥላው ታጥፎ ከረጢቱ ውስጥ ይታሰር፤ ቆሞ ከተጎተተ ብረቱ ይጣመማል። የዓሣ መፈለጊያውን ስክሪንም አውልቁት። ይህ ማታም ይጠቅማችኋል፣ ሌባ ዓይኑ አይገባበትም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ሸራ የምወድበት ትልቁ ምክንያት እሱ ነው። ሞቴል ደጃፍ የቆመ የተሸፈነ ጀልባ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አያይም። ግን ሸራ ዕቃ አይዝም፤ ከሥሩ ያለውም በየሣጥኑ ገብቶ ይቆለፍ።

ፍተሻ ላይ እኛን ሾፌሮችን የሚገዛንን የፌዴራል ሕግ ተውሳችሁ ተጠቀሙበት። ጭነት የያዘ ሾፌር በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ ቆሞ ማሰሪያውን ማየት አለበት፣ ከዚያ በኋላ በየ3 ሰዓቱ ወይም በየ150 ማይሉ፣ የቀደመው። ለጀልባ ግን የመጀመሪያውን ፍተሻ ወደ 20 ማይል አሳጥሩት፤ አዲስ የታሰረ ሸራ የሚረግበው ቶሎ ነው። ስትቆሙ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ጎማው መሀል ጠጋ አድርጉ። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ችግሩ የሸራ አይደለም፣ ኩሽኔታው ነው፣ አትቀጥሉ።

ስትመለሱ ነገሩ ይለወጣል። ጀልባው እርጥብ ነው። እርጥብ ጀልባ ሸፍኖ 500 ማይል መጎተት ሻጋታ መጋበዝ ነው። እኔ ስመለስ ባዶ አድርጌ ገልጬው ነው የምመጣው፣ ንፋሱ ያድርቀው። ቤት ከደረሰ በኋላም ሌላ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ 5 ቀን ይደርቃል፤ ዜብራ መስል የተባለችው ትንሿ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ከሐይቅ ሐይቅ የምትዛመተው በእንዲህ ዓይነት እርጥበት ነው። ወደ ሞንታና የምትዘልቁ ከሆነ መንገድ ላይ ክፍት የፍተሻ ጣቢያ ካገኛችሁ መቆም ግዴታ ነው፣ ተቆጣጣሪው ውስጡን ማየት ሊፈልግ ይችላል። ለመፍታት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሸራ እዚያ ያናድዳል።

ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ ጀልባ መንገድ ላይ ሲሆን የውኃ ማፍሰሻው ቡሽ መውጣት አለበት፣ ሕግ ነው። ገልጦ ለሚሄድ ይህ በጎ ነው፣ ዝናቡ ገብቶ በዚያው ይወጣል። ቡሹን ከጀልባው ሞተር ቁልፍ ጋር አንድ ላይ እሰሩት። ቁልፉን ሳታነሱ ሞተር አታስነሱም፣ ቁልፉን ስታነሱ ቡሹ እጃችሁ ላይ ነው፤ ጀልባው ውኃ ከመንካቱ በፊት መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ።