ቀስት የምትሰሩ ልጆች፣ ላባውን ከአንድ ወገን ክንፍ ውሰዱ
ጅማ አካባቢ በእጃችሁ ቀስት (ከደጋን የሚወነጨፈውን ፍላጻ) ለመስራት የምትሞክሩ ካላችሁ ይቺን ያዙልኝ፣ ብዙ ሰው እንጨቱ ላይ ሲጨነቅ ይውልና ላባው ላይ ሲደርስ ያገኘውን ይለጥፋል። ላባ እኮ ግራና ቀኝ አለው! የግራ ክንፍ ላባ ወደ አንድ በኩል ይጎብጣል የቀኙ ደግሞ በተቃራኒው፣ እና አንድ ቀስት ላይ ሁለቱን ከደባለቃችሁ አንዱ ወደዚህ ሊያሽከረክረው ሲል ሌላው ወደዚያ ይጎትተዋል ቀስቱም እየተንገዳገደ ነው የሚሄደው። የፈለጋችሁት ክንፍ ይሁን፣ ብቻ አንድ ቀስት ላይ የምትለጥፏቸው ሶስቱም ላባዎች ከአንድ ወገን። በበዓል አውራ ዶሮ ሲታረድ ክንፉን አታስጥሉ፣ ጎረቤትም ጠይቁ (ይስቁባችኋል ግን ይሰጧችኋል)፣ ረጃጅሞቹን ምረጡ።

ሶስቱን እኩል አራርቋቸው፣ በ120 ዲግሪ ማለት ነው፣ አንዱ ላባ የደጋኑ ክር ከሚገባበት የቀስቱ ጭራ ስንጥቅ ጋር መስቀለኛ ሆኖ ከደጋኑ ወደ ውጪ ይዙር፣ አለዚያ ሲወነጨፍ ደጋኑን እየታከከ ይወጣል። ኮላ ብቻውን እኔ አላምነውም፣ የላባውን ሁለት ጫፍ ሰም በተቀባ ቀጭን ክር ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት፣ ሰም ደግሞ ማር ባለበት አገር አይጠፋም። በተለይ የፊተኛው ጫፍ ብቅ ካለ ስትለቁት እጃችሁን ይሰነጥቀዋል።

የቀስቱ ዘንግ ሸምበቆ ከሆነ በደንብ ይድረቅ፣ የጎበጠውን ከፍም ራቅ አድርጋችሁ እያሞቃችሁ አቅኑት፣ እስኪበርድ እንዳትለቁት። ስንጥቁንም አንጓው አጠገብ ቁረጡት፣ በሁለት አንጓ መሀል ከሆነ ቶሎ ይተረተራል።