ክፍላችሁን ስትለኩ ግራፉ ከተበላሸ፦ ጥፋቱ የማይኩ ነው የክፍሉ?

ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዷን ክፍል ስቱዲዮ አድርጋችሁ ድምፅ የምትቀዱ ከሆነ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ክፍሉን ለመለካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይወርዳል። በስፒከር ድምፅ ያጫውትና በማይክ መልሶ ሰምቶ፣ ከወፍራም እስከ ቀጭን (በኸርዝ) የትኛው ድምፅ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ በግራፍ ያሳያል። ብር የሚወጣው ማይኩ ላይ ነው። ችግሩ፣ ግራፉ ሲበላሽ ማንን እንደምንጠረጥር አለማወቃችን ነው።

ቤዙ የለም

እኔን ያሳሳተኝ ይሄ ነው። ድምፃዊ በምቀዳበት ማይክ ክፍሌን ለካሁ። ግራፉ ከ100 ኸርዝ በታች ቁልቁል ወረደ። ስፒከሮቼ አቅም የላቸውም ብዬ ለሰብዉፈር፣ ለቤዝ ብቻ ለሚሆነው ስፒከር፣ ብር ማጠራቀም ጀመርኩ። ስፒከሮቹ ግን ምንም አልሆኑም ነበር። የዘፈን ማይክ አፍ ላይ ተጠግቶ ስለሚያዝ ሲሠራ ጀምሮ ቤዙ ይቀነስለታል። ደግሞም ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ ይገፋል። እኛ መለካት የፈለግነው ደግሞ ከየግድግዳው ተመልሶ የሚመጣውን ነው። የስልክ ማይክም ለንግግር ስለተዘጋጀ አያዋጣም፤ ጫጫታ የመሰለውን በራሱ ያጠፋል።

የሚያስፈልገው ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሰማ፣ ኦምኒ የሚባለው የመለኪያ ማይክ ነው። ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሳጥን፣ ካላችሁ የዴይተን ኦዲዮ ኢኤምኤም-6 ይበቃል፤ ዋጋውም ይቀላል። ኢንተርፌስ ከሌላችሁ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካውን የሚኒዲኤስፒ ዩሚክ-1 ግዙ። ሁለቱም በሴሪያል ቁጥራቸው የሚወርድ የየራሳቸው የካሊብሬሽን ፋይል አላቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ገንዘቡ የሚከፈለው ለዚህ ፋይል ነው። የማይኩ ስህተት በቁጥር ከታወቀ ፕሮግራሙ ያርመዋል። ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ካስመጣችሁት፣ እጃችሁ እንደገባ የሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንሱት።

ምንም ድምፅ አይገባም

ኢኤምኤም-6 ከሆነ ኢንተርፌሱ ላይ 48 ቮልት የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ያለ ፋንተም ፓወር፣ ኢንተርፌሱ በገመዱ ከሚልክለት ኤሌክትሪክ ውጪ፣ አይሠራም።

50 ኸርዝ ላይ ጉብታ አለ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመብራት እምምታ ነው። ግን ሌላም ተጠርጣሪ አለ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ይህን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ስታካፍሉት ክፍሉ የሚያስገመግምበት ቁጥር ይወጣል። የእኔ ክፍል 3.4 ሜትር ነው። 343 ለ6.8 ሲካፈል 50 ይመጣል። ሁለቱ ተጠርጣሪዎች አንድ ቦታ ላይ ቆመዋል ማለት ነው!

መለያው ቀላል ነው። ስፒከሩን አጥፉና የፕሮግራሙን የቀጥታ ግራፍ ተመልከቱ። 50 ላይ፣ ከዚያም 100 እና 150 ላይ እንደ መርፌ የቀጠነ ሹል ከቀረ መብራቱ ነው። ቻርጀሩን ንቀሉና ላፕቶፑን በባትሪ አስኪዱት። ያኔ ከጠፋ ጥፋቱ የቻርጀሩ ወይም የኧርዝ ነው። ስፒከሩ ሲጠፋ ጉብታውም አብሮ ከጠፋ ግን ክፍሉ ነው፤ ማይክ መቀየር ትርፉ ድካም ነው። ወንበራችሁን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አንቀሳቅሱና ድገሙት። የክፍሉ ትክክለኛ መሃል ላይ ብትቀመጡ ደግሞ ያው 50 ኸርዝ ጭራሽ ይጠፋባችኋል። ያንን ጉድጓድ በኢኪው፣ ቤዝና ቀጭን ድምፅ በሚጨምረውና በሚቀንሰው ማስተካከያ፣ ልሙላ ብትሉ ስፒከሩን ከማድከም በቀር የሚገኝ ነገር የለም።

1,400 ኸርዝ አካባቢ ጉድጓድ አለ

ጠረጴዛውን እዩ። ስፒከሩና ማይኩ በ1 ሜትር ቢራራቁና ሁለቱም ከጠረጴዛው 25 ሴንቲ ከፍ ቢሉ፣ ከጠረጴዛው ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ በቀጥታ ከሚመጣው 12 ሴንቲ ያህል የበለጠ ተጉዞ ይደርሳል። ሁለቱ ሲገናኙ እዚያው 1,400 አካባቢ ይጣፋሉ። እኔ ጋቢ አጣጥፌ መሃል ላይ ዘረጋሁና እንደገና ለካሁ። ጉድጓዱ ግማሽ ያህል ሞላ። ማይኩን በመጽሐፍ ክምር ላይ አታስቀምጡ፤ ስታንድ ላይ፣ ጆሯችሁ በሚሆንበት ከፍታ አድርጉት።

ቀጭኑ ድምፅ ከሚገባው በላይ ወርዷል ወይም ወጥቷል

የፋይል ጉዳይ ነው። ለዩሚክ-1 ሁለት ፋይል ይሰጣል፦ አንዱ ማይኩ ወደ ስፒከሩ ሲዞር፣ ሌላው፣ 90 ዲግሪ የሚለው፣ ወደ ጣሪያ ሲቆም። የጫናችሁትና ማይኩ የቆመበት አቅጣጫ ይመሳሰሉ።

ሁለቴ ለክታችሁ ሁለት ዓይነት ግራፍ ወጣ

ማይኩን በእጃችሁ ይዛችሁት ከሆነ ልቀቁት። ፍሪጁን ለጊዜው ንቀሉ፣ መስኮት ዝጉ፣ የላፕቶፑን የማይክ ማሻሻያ ቅንብሮች በሙሉ አጥፉ። ስዊፑን፣ ያንን ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚወጣ ፉጨት፣ አስረዝሙት። ርዝመቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ከጫጫታው 3 ዴሲቤል ያህል ትርቃላችሁ። የሚኒባስ ጡሩምባ ካስቸገረ ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ለኩ። ጎረቤት እንዳይረበሽ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ስዊፑን ረዘም ማድረግ ይቻላል።