«ባያድነንም»፦ በእግዚአብሔር ስንታመን የምንሠራቸው ስህተቶች

«በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውን መዝሙር 91፣ በግእዙ ዳዊት 90ኛውን፣ በታክሲ መስታወት ላይ ያላነበበ ያለ አይመስለኝም። እኔም ለዓመታት በኪሴ ይዤው ዞሬአለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የያዝኩት እንደ ጸሎት ሳይሆን እንደ መድን ወረቀት ነበር። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፦ የታመነ ሰው ምንም አይነካውም ብሎ ማሰብ። ጌታን በመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ያለው ፈታኝ የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር እንደ ነበር እንዘነጋለን። «ክፉ ነገር ወደ አንተ አይቀርብም» የሚለው ቃል እዚያ መኖሩ አይካድም። ዝቅ ብሎ ደግሞ «በመከራው ጊዜ ከእርሱ ጋር እሆናለሁ» ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ያላነበበ ሰው የመጀመሪያው መከራ ሲደርስበት መዝሙሩ የዋሸው ይመስለዋል።

ሁለተኛው ስህተት የስለት ሂሳብ ነው። ስለት መሳል በራሱ ነውር የለበትም፤ ሐናም ሳሙኤልን ያገኘችው ተስላ ነው። ነውሩ «ይህን ካደረግህልኝ እታመንሃለሁ፣ ካላደረግህልኝ ግን…» ብሎ መደራደሩ ላይ ነው። ስለቴ አልሰመረም ብሎ ደጁን መሳለም የተወ ሰው አውቃለሁ። የሚገርመኝ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ስለታችንን ይዘን ቁልቢ የምንወጣበት በዓል የሚዘክረው ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበትን ቀን መሆኑ ነው። እነዚያ ወጣቶች ናቡከደነፆርን ምን አሉት? አምላካችን ከሚነደው እሳት ሊያድነን ይችላል አሉት፤ ቀጥለውም እርሱ ባያድነን እንኳ ለወርቁ ምስል አንሰግድም አሉ። ይህን ሲናገሩ መልአኩ ገና አልመጣም፤ እቶኑ ውስጥ አራተኛ ሰው ይታያል ብሎ የነገራቸውም የለም። መዳናቸውን በየዓመቱ በእልልታ እናከብራለን። «ባያድነን» የምትለዋን ቃል ግን ዘለን እናልፋታለን። እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ ድፍረት የሰጣቸው የዚያች ቃል እርጋታ ይመስለኛል፤ ንጉሡ ሊነጥቃቸው የሚችለው ነገር አልቆበት ነበርና።

ከሦስቱ አንዱ አናንያ፣ በሌላ አጻጻፍ ሐናንያ፣ ይባላል። ሞክሼው የሆነ ሌላ ሐናንያ ደግሞ ለሦስተኛው ስህተት ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ነቢይ ነኝ ባይ ከቤተ መቅደሱ የተወሰደው ዕቃና ወደ ባቢሎን የተማረከው ሕዝብ በ2 ዓመት ይመለሳል ብሎ ሰበከ። ኤርምያስ ግን 70 ዓመት ነው አለ። ዛሬ በየግድግዳው የምንሰቅለው «የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለው ቃል የተወሰደው፣ ኤርምያስ ለምርኮኞቹ ቤት ሥሩ፣ አታክልት ትከሉ፣ ልጆች ውለዱ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ብሎ ከጻፈላቸው ደብዳቤ ነው። «የዛሬ ዓመት እመለሳለሁ» እያለ በሰው አገር ሻንጣውን ሳይፈታ ሃያ ዓመት የኖረ ስደተኛ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ቢያነበው ደስ ይለኛል። የእግዚአብሔርን ተስፋ ተቀብለን ቀኑን ግን ራሳችን ስንቆርጥለት፣ በመካከል ያለው ዕድሜ ሳይኖርበት ያልፋል።

ጸልዮ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የሚለውን ብዙ አላብራራውም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጸለየም፣ ቀንና ሌሊት ጠባቂም አቆመ። ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒት የሚያቋርጡ ሰዎች አሁንም አሉ፤ ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እንኳ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ በአደባባይ አስተምረው ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ «አማኝ አያለቅስም» የሚለው ሰው ነው። የአባቶቻችን ቃል «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ነው፤ አታልቅሺ አይልም። ጌታ ራሱ ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ እንባውን አፍስሷል። ዕንባቆምም በለስ ባታፈራ፣ እርሻዎች መብልን ባይሰጡ፣ በጎች ከበረቱ ቢጠፉ ብሎ ጉድለቱን አንድ በአንድ ከቆጠረ በኋላ ነው «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» ያለው። ባዶውን በረት አይቶታል፤ ሙሉ ነው አላለም።

የመጨረሻው ስህተት በእግዚአብሔር የታመነ ሰው ሌላ ሰው አያስፈልገውም ማለት ነው። ጳውሎስ ባለኝ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። ይኸው ሰው፣ እንደገና በእስር ላይ ሆኖ፣ ለጢሞቴዎስ በላከው ደብዳቤ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ይለምነዋል። ስንብቱን ሊጨርስ ሲል ደግሞ አንድ ነገር ያክልበታል፦ ከክረምት በፊት ድረስልኝ።