የድሮ አስፈሪና ምናባዊ ፊልሞችን ስንገመግም የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሁሉም የሚብሰው የትኛውን ቅጂ እንዳዩ ሳያጣሩ መጻፍ ነው። የ1922ቱን የጀርመን ፊልም «ኖስፈራቱ»ን እንውሰድ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። «ፀሐይ የሚገድለው ደም መጣጭ እንዴት በጠራራ ቀን ሣጥኑን ተሸክሞ ከተማ ውስጥ ይዞራል?» ብለው የሚተቹት አሉ። ትዕይንቱ ግን ሌሊት ነው። ያኔ በጨለማ መቅረጽ ከባድ ስለነበር ቀን ይቀርጹና ፊልሙን ሰማያዊ ቀለም ይነክሩታል። ተመልካቹም ሰማያዊ ሲያይ መምሸቱን ያውቃል። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት ብዙ ቅጂዎች ይህ ቀለም የላቸውም። ዳይሬክተሩ ሙርናው ባላጠፋው ይወቀሳል።

ፍጥነቱም እንደዚያው ነው። ድምፅ አልባ ፊልሞች ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ16 እስከ 20 ምስል ገደማ ይቀረጹ ነበር። በ24 ሲታዩ ሰዎቹ ይጣደፋሉ። ይህን አይቶ «ትወናው ያስቃል» ማለት ተዋናዩን መበደል ነው።

መቆራረጥ ደግሞ ትርጉም እስከ መለወጥ ይደርሳል። በ1931ዱ «ፍራንከንስታይን» ጭራቁና አንዲት ትንሽ ልጅ ሐይቅ ዳር አበባ እየወረወሩ ይጫወታሉ። አበባው ሲያልቅ እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ወደ ውኃው ይወረውራታል። ሳንሱር ይህችን ትዕይንት ቆረጣት። ለአሥርት ዓመታት የታየው እጁን ወደ ልጅቷ ሲዘረጋ፣ በኋላም አባቷ ሬሳዋን ታቅፎ ሲመጣ ብቻ ነው። የዋህነቱ ቀርቶ ሌላ ክፉ ነገር ይጠረጠራል። የተቆረጠው የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። ከዳይሬክተር ፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» (1927) የጠፋው 25 ደቂቃ ያህልም በ2008 ቦነስ አይረስ ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ የቅጂውን ርዝመት በደቂቃ ግምገማው ላይ ጻፉ። አንባቢ እናንተ ያያችሁትን ፈልጎ ያገኛል።

ሌላው ዘመኑን መርሳት ነው። የቦምብ ሙከራ የቀሰቀሰው ግዙፍ ጭራቅ ከተማ የሚያፈርስበት «ጎድዚላ» ጃፓን ውስጥ የወጣው በ1954 ነው፤ ሂሮሺማና ናጋሳኪ በቦምብ ከወደሙ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። በዚያው ዓመት መጋቢት አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት የቢኪኒ ደሴቶች ላይ የሃይድሮጂን ቦምብ ስትሞክር ጃፓናውያን ዓሣ አጥማጆች በጨረር ተጎድተው ነበር። ይህን ሳያውቁ «ጎማ የለበሰ ሰው ሕንፃ ያፈርሳል» ብሎ ማለፍ ፊልሙን አለማየት ነው ባይ ነኝ። በ1956 አሜሪካ ውስጥ የታየው ደግሞ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ተጨምሮበት፣ ከመጀመሪያው ብዙ ተቀንሶለት ነው።

«ኢፌክቱ ፌክ ነው» የሚለውም አያስኬድም። በ1933ቱ «ኪንግ ኮንግ» የኢፌክት ባለሙያው ዊሊስ ኦብራየንና ረዳቶቹ የግዙፉን ዝንጀሮ የኮንግን ትንሽ አሻንጉሊት ለእያንዳንዱ ምስል በእጃቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። የኮንግ ፀጉር የሚርገበገበው ጣቶቻቸው የነኩት ቦታ ነው። ገምጋሚ መጠየቅ ያለበት እንስሳው እውነተኛ መምሰሉን ብቻ አይደለም፤ ሲቆጣና ሲያዝን ይታያል ወይ የሚለውንም ነው። ኮንግ ላይ ይታያል።

ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ መተረክም ይቅር። ፊልሙ 90 ዓመት ቢሞላውም ዛሬ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው አለ።