ከምድር ቤት የሚወጡት ነጭ ቱቦዎች

ሚኒያፖሊስ ወይም ሴንት ፖል ውስጥ የመጀመሪያ ቤታችሁን ስትገዙ፣ ወይም አሮጌውን ፈርነስ፣ ማለትም ቤቱን የሚያሞቀውን የጋዝ ማሞቂያ ስታስቀይሩ፣ ሻጩም ገጣሚውም ስለ ማሽኑ ስምና ዋጋ ብዙ ያወራሉ። ስለ ቱቦዎቹ የሚያነሳ ግን እምብዛም ነው። ፈርነሱ በጥር እኩለ ሌሊት ቀጥ ሲል ደግሞ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከማሽኑ ውስጥ ሳይሆን እዚያው ቱቦ ላይ ነው።

የድሮው ፈርነስ ከጋዙ ሙቀት 20 በመቶ ያህሉን በብረት ጭስ ማውጫ ወደ ውጭ ይለቃል። ከ90 በመቶ በላይ የሚጠቀመው አዲሱ ዓይነት ግን ጭሱን እስኪበርድ ድረስ ሙቀቱን ይቀማዋል። ጋዝ ሲቃጠል እንፋሎት ስለሚፈጥር፣ እንፋሎቱ ሲበርድ ውሃ ይሆናል፤ ብርዱ በጠናበት ቀን ከአሥር ሊትር ሊበልጥ ይችላል። የተረፈው ጭስ ለብ ያለ ስለሆነ በፕላስቲክ ቱቦ፣ በግድግዳ በኩል ይወጣል። ሁለት ነጭ ቱቦ ካያችሁ አንዱ አየር ያስገባል፣ ሌላው ጭስ ያስወጣል።

የጭሱ ቱቦ ማዘንበል ያለበት ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ፈርነሱ ነው። ለብዙ ሰው ይህ ግራ ያጋባል፤ ውሃው ወደ ውጭ ቢሄድ ምን አለበት? ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን አፉ ላይ በረዶ ሠርቶ ቱቦውን ይደፍነዋል፣ ችግሩ ይህ ነው። የተለመደው ልክ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅታ ነው። ገጣሚው ሳይሄድ ውሃ ልክ አምጥታችሁ ቱቦው ላይ አስቀምጡ፤ ቅር የሚለው ባለሙያ ካለ ቅር ይበለው። መሐሉ ላይ የረገበ ቱቦ ውሃ ያቁራል፤ ማንጠልጠያ ይጨመርበት።

ውጭ ያለው አፍ ደግሞ በረዶ ይከመራል ተብሎ ከሚገመተው ከፍታ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ከመስኮትና ከበር የሚኖረው ርቀት በአምራቹ መመሪያ ተጽፏል። ከባድ በረዶ ባደረ ማግስት የመኪናውን መንገድ ከመጥረጋችሁ በፊት ዞራችሁ እዩት። የተከመረውን በእጅ አንሱ እንጂ በአካፋ አትቆርቁሩት፤ በብርድ የደረቀ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል።

ውሃው በሲፎን፣ ማለትም ውሃ ይዞ ጭስ በሚያግድ ጠማማ ቱቦ፣ አልፎ ወለሉ ላይ ወዳለው ፍሳሽ ይወርዳል። ሲፎኑ መጀመሪያ በውሃ ይሞላል፤ ባዶ ከሆነ ጭስ ሊያሾልክ ይችላል። ውሃው አሲድነት ስላለው ሲሚንቶና የብረት ቱቦ ይበላል፤ የኖራ ድንጋይ በተሞላ ማጣሪያ ቢያልፍ ይበጃል። የፍሳሹን ቱቦ በግድግዳ አሳልፎ ወደ ግቢ የሚያወጣ ሰው ካጋጠማችሁ አስቁሙት፤ በመጀመሪያው ብርድ ይደፈናል። ውሃው ወደ ኋላ ሲመለስ ፈርነሱ ይንቦጫቦጫል፣ ይነሳና ወዲያው ይጠፋል። ያን ጊዜ ውድ ዕቃ ቀይሩ ከመባላችሁ በፊት ሲፎኑ ይታጠብ በሉ።

ከሁሉ የሚረሳው የውሃ ማሞቂያው ነው። ድሮ ከፈርነሱ ጋር አንድ ጭስ ማውጫ ይጋሩ ነበር። ፈርነሱ ወደ ፕላስቲክ ቱቦ ሲዛወር የውሃ ማሞቂያው በሰፊው ጭስ ማውጫ ብቻውን ይቀራል፤ ትንሹ ሙቀቱ ያን ሁሉ አየር መግፋት ሲያቅተው ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። ይህን ለመፈተሽ በርና መስኮት ዝጉ፣ የወጥ ቤቱንና የመታጠቢያ ቤቱን አየር መሳቢያ አብሩ፣ ሙቅ ውሃ ክፈቱ። ማሞቂያው ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ የዕጣን ዘንግ ለኩሳችሁ ከላዩ ካለው ክፍት አፍ አጠገብ ያዙ። ጢሱ ወደ ላይ ከተሳበ ደህና ነው፤ ወደ ፊታችሁ ከመጣ ማሞቂያውን አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው በጭስ ማውጫው ውስጥ ጠበብ ያለ የብረት ቱቦ ማስገባት ነው።

ተከላውን ራሳችሁ አትሞክሩ፤ እጀ ብልህ ዘመድም ቢሆን የሙያ ፈቃድ ከሌለው ይቅርባችሁ። ሁለቱም ከተሞች ፈርነስ ለመቀየር ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ፈቃዱ ካለ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያያል። «ያለ ፈቃድ በርካሽ ልሥራላችሁ» የሚለውን አመስግናችሁ ሸኙት።

ከጭሱ ጋር ወደ ቤት ሊገባ የሚችለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም። የሚኒሶታ ሕግ ከየመኝታ ክፍሉ በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ የዚህ ጋዝ ማንቂያ እንዲኖር ያዝዛል። ማንቂያው ከጮኸ፣ ወይም ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዘው፣ ውጡና 911 ደውሉ። በዚህ አጋጣሚ፣ የቡናው ከሰልም ያንኑ መርዝ ያወጣል፤ አገር ቤት በር ተከፍቶ የሚጠጣውን ቡና እዚህ በታሸገ ቤት ውስጥ በከሰል ማፍላት አያስኬድም። የኤሌክትሪክ ምድጃው ጀበናውን ያደርሳል።

ተከራይ ከሆናችሁ የማሞቂያው ጥገና የአከራዩ ዕዳ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቤቱን ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 20 ሴልሺየስ እንዲያሞቅ ሕጉ ያስገድደዋል። በጽሑፍ ጠይቁት፣ የመልእክቱንም ቅጂ አስቀሩ።