ለሐዋሳ ሐይቅ ጀልባ፦ ባለሁለት ምት ወይስ ባለአራት ምት ሞተር?

በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ለሚሠራ ጀልባ ሞተር የሚገዛ ሰው፣ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሞተሩ ዘይት የሚያገኝበትን መንገድ ቢያጣራ ይበጀዋል።

ባለሁለት ምት ሞተር በሁለት የፒስተን ምት፣ ማለትም በእያንዳንዱ የክራንክ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ዙር ስለሚያቀጣጥልና አሠራሩ ያልተወሳሰበ ስለሆነ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ሆኖም በአብዛኞቹ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይቃጠላል። አምራቹ 50 ለ1 (50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት) ካዘዘ፣ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ያስፈልጋል፤ በቅድሚያ ግማሹን ቤንዚን ቀድቶ ዘይቱን መጨመር፣ ክዳኑን ገጥሞ በደንብ መነቅነቅ፣ ከዚያም ቀሪውን መሙላት ይገባል። ዘይቱ በውኃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር የተሠራ መሆን አለበት፤ የሞተር ብስክሌት ዘይት መጠቀም ቁጠባ ቢመስልም ካንዴላውን ያቆሽሻል፣ በፒስተኑም ላይ ጥላሸት ያከማቻል።

ባለአራት ምት ሞተር ከባድና ውድ ነው። ዘይቱ በራሱ ቋት ስለሚቀመጥ ግን ጭሱ ያነሰ ነው፤ ድምፁም ዝቅ ያለ፣ የቤንዚን ፍጆታውም ቁጥብ ነው፤ ስለዚህ ጉማሬ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ቀኑን ሙሉ ለሚያመላልስ ጀልባ፣ በእኔ ግምት፣ ይህኛው ይሻላል። ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ በሠራ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ በአየሩ መሳሳት ምክንያት ሁለቱም ዓይነቶች ከጉልበታቸው 15 በመቶ ያህል ያጣሉ፤ ይህን አስቦ ከፍ ያለ ጉልበት ያለውን መምረጥ ይገባል። የትኛውም ቢገዛ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ አቀዝቅዞት ከጎኑ የሚፈናጠቀው ቀጭን ውኃ ካልታየ ወዲያው አጥፍቶ፣ የውኃ ማስገቢያውን የደፈነ ሣር መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።