አሳው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፦ አዲስ የጓሮ ኩሬ አዘገጃጀት

ኩሬው ተቆፍሮ፣ ላስቲኩ ተነጥፎ፣ ውሃው ጥርት ብሎ ሲሞላ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። አሳ! እኔም እንደዛው ነበርኩ። በ3ኛው ቀን 8 ጎልድፊሽ ገዝቼ መጣሁ። የሸጠልኝ ሰው «ውሃው አንድ ሌሊት ካደረ ይበቃዋል» ብሎኝ ነበር። የኔማ 2 ሌሊት አድሯል፣ ምን ቀረው ብዬ ለቀቅኳቸው። ለ5 ቀን ያህል ደህና ነበሩ። በ6ኛው ቀን ጠዋት ስወጣ ሁሉም ላይ ወጥተው፣ ውሃው ጠርዝ ላይ ተደርድረው፣ አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ሳምንት ሳይሞላ 2 ብቻ ቀሩ። ውሃው ግን ያኔም እንደ መስታወት ነበር።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጥርት ያለ ውሃና ለአሳ የደረሰ ውሃ አይገናኙም። አሳ ሲበላና ሲተነፍስ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። በቆየ ኩሬ ውስጥ ይህን የሚያጸዱ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራል፣ ሌላው ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትራይትም ቀላል አይደለም፣ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ አሳዎቹ አየር ባለበት ውሃ ውስጥ ሆነው ይታፈናሉ። ናይትሬት ግን ካልበዛ በቀር ብዙም አይጎዳም፣ ተክሎቹም ይመገቡታል። አዲስ ኩሬ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና አልበዙም። ለመብቃት ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅባቸዋል፣ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ አሳ ከማርባታችሁ በፊት ባክቴሪያ ልታረቡ ነው ማለት ነው።

ቦታውና ጉድጓዱ

ቦታ ላይ ብዙ አልልም። በቀን 5 ወይም 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፣ ዛፍ ሥር አይሁን። ቅጠል ከረገፈበት ከሥር ይበሰብስና አየሩን ይጨርሰዋል። ዝናብ ከአትክልት መደብ ላይ አፈርና ማዳበሪያ ጠርጎ የሚያስገባበት ዝቅተኛ ቦታም አይሆንም። ትንንሽ ልጆች ካሉ ከመሙላታችሁ በፊት አጥሩን ወይም የብረት መረቡን አስቡበት።

ጥልቀቱ ለጎልድፊሽ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ኮይ ለሚባለው ትልቅ ለሚሆን የጌጥ አሳ ከ1 ሜትር በላይ ይሁን። ጥልቅ ውሃ ቶሎ አይሞቅም ቶሎም አይቀዘቅዝም። አንዱ ጎን ላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ደረጃ ተዉለት፣ የዳር ተክሎች እሱ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ቀጥ ያለ ጣውላ በጉድጓዱ ላይ አጋድሙና ውሃ ልክ አስቀምጡበት። ይሄን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። አንዱ ጎን 5 ሳንቲ ሜትር ከዘመመ ውሃው በዚያ በኩል ይፈሳል፣ በሌላው በኩል ደግሞ ላስቲኩ ሁልጊዜ አፍጥጦ ይታያል።

ላስቲክ ሲገዛ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ርዝመቱ፣ ሲደመር የጥልቀቱ እጥፍ፣ ሲደመር ለጠርዝ 60 ሳንቲ ሜትር። ወርዱም እንደዚሁ። 3 ሜትር በ2 ሜትር ሆኖ 80 ሳንቲ ሜትር ለሚጠልቅ ኩሬ 5.2 በ4.2 ሜትር ላስቲክ ያስፈልጋል። ከሥሩ ያረጀ ምንጣፍም ይሁን ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ፣ አንዲት ሹል ጠጠር ሥራችሁን ሁሉ ገደል ልትከተው ትችላለች።

በሲሚንቶ የሠራችሁ ሌላ ራስ ምታት አለባችሁ። አዲስ ሲሚንቶ ኖራ ይለቃል፣ የውሃው ፒኤች (ምን ያህል አሲድ ወይም ኖራማ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር) ሽቅብ ይወጣል፣ እዚያ ውስጥ አሳ አይቆይም። በደንብ ከደረቀ በኋላ በአቼቶና ውሃ ፈትጋችሁ አጥቡት፣ ሙሉት፣ ጥቂት ቀን አቆዩት፣ ድፉት፣ ይሄንኑ ደጋግሙት። ፒኤቹ ከ8.5 በታች ወርዶ ሳምንት ከቆየ አለፋችሁ። ወይም ለአሳ ኩሬ ተብሎ የተሠራ ቀለም ቀቡትና ተገላገሉ። ለማሳመሪያ የምትከቱት ድንጋይም ፒኤች ሊያወጣ ይችላል። አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ይቅርባችሁ።

ውሃው

ስትሞሉ የቆጣሪውን ቁጥር በፊትና በኋላ ጻፉ። 1 ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ነው። ቅድም ያልኩት ባለ 3 በ2 ሜትሩ ኩሬ በሒሳብ 4800 ሊትር ይመጣል፣ ግን ጎኑ ስለሚዘምና ደረጃ ስላለው በእውነት የሚይዘው ከዚያ ያንሳል። ይህን ቁጥር የሆነ ቦታ ያዙት፣ መድኃኒትም ሆነ ፓምፕ ስትገዙ ትፈልጉታላችሁ። ፓምፑና ማጣሪያው በ1 ወይም በ2 ሰዓት አንዴ ሙሉውን ውሃ የሚያዞር ይሁን። ኤሌክትሪኩን ለባለሙያ ስጡት። መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር የግድ ነው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ክሎሪን አሳውንም ይጎዳል፣ እኛ የምንለፋለትን ባክቴሪያም ይገድላል። ውሃው እየተንቀሳቀሰ 1 ወይም 2 ቀን ከቆየ ክሎሪኑ ይተናል። አሳ ሻጩ «አንድ ሌሊት» ያለኝም ይሄን ይዞ ነው። ችግሩ አንዳንድ የውሃ አቅራቢዎች ክሎራሚን የሚባለውን ይጠቀማሉ፣ እሱ ደግሞ በዋዛ አይተንም። ለእሱ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ነው መፍትሔው፣ መጠኑም ጠርሙሱ ላይ አለ።

ተክሉ ቀድሞ ይግባ

ክሎሪኑ በጠፋ ማግስት ተክል መትከል ትችላላችሁ። የጓሮ አፈርና ኮምፖስት ግን አይሆንም፣ ውሃው ውስጥ ተበጥብጦ አልጌ (ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገውን ጥቃቅን ነገር) ይቀልባል። ከባድ ዋልካ አፈር ቀዳዳ ባለው ቅርጫት አድርጉ፣ ቀዳዳው ከሰፋ ጆንያ አልብሱት፣ ላዩን በጠጠር ሸፍኑት። ጠጠሩን አትናቁት፤ አሳ አፈር ሲቆፍር ይውላል።

ሦስት ዓይነት ተክል ይኑራችሁ። ከሥር የሚያድግ፣ ለምሳሌ ሆርንወርት። ቅጠሉን ላይ የሚዘረጋ፣ ለምሳሌ የውሃ ሊሊ። ዳር ላይ የሚቆም፣ ለምሳሌ ደንገል ወይም ፊላ። ሊሊን በአንዴ ወደ ጥልቁ አትጣሏት። ከቅርጫቱ ሥር ጡብ ደርድራችሁ መጀመሪያ ከፍ አድርጓት፣ ቅጠሏ ላይ ሲደርስ አንድ ጡብ አንሡ፣ እንደገና ሲደርስ ሌላውን። ግቡ ከውሃው ገጽ ግማሽ ያህሉ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ በጥላ እንዲሸፈን ነው። እንቦጭን ግን አበባው ቢያምርም አታስገቡት፤ ከጓሮ ካመለጠ ሐይቅ የሚያለብስ ነገር ነው፣ ብዙ አገርም ከልክሎታል።

የጥበቃው ጊዜ

አሁን ኩሬው ተክል አለው፣ ማጣሪያው ሌት ተቀን ይሠራል፣ አሳ የለም። ባክቴሪያው ደግሞ ምግብ ይፈልጋል። በየቀኑ ቆንጠር አድርጋችሁ የአሳ ምግብ ጣሉበት፤ እሱ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል። ጤነኛ ኩሬ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ከማጣሪያው ቁራጭ ስፖንጅ ለምኑት፣ እርጥብ እንደሆነ አምጥታችሁ የናንተ ማጣሪያ ውስጥ ክተቱት። ሳምንታት ያሳጥርላችኋል።

በ2ኛው ሳምንት አካባቢ ውሃው አረንጓዴ ሾርባ መስሎ ብታዩት አትደንግጡ፣ አትድፉትም። አልጌ ነው። ተክሉ ገና ትንሽ ስለሆነ ፀሐዩንም ምግቡንም እሱ እየወሰደ ነው። ብትደፉት አዲስ ውሃ ታመጡለታላችሁ፣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እኔ ሁለቴ ደፍቼ ነው የተማርኩት። ሊሊዋ ስትሰፋ እየሳሳ ይሄዳል።

መመርመሪያ ኪት ግዙ፣ በጠብታ የሚሠራው ከወረቀቱ ይሻላል። መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል። ከዚያ እሱ ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፣ ይሄኛው ነው ትዕግሥት የሚጨርሰው፣ እኔ ጋ ለ3 ሳምንት አልወርድ ብሎ ነበር። የኔ ኪት አሞኒያ ሲኖር አረንጓዴ፣ ሳይኖር ቢጫ ያሳያል፤ በየጠዋቱ ብልቃጧን ወደ መስኮት አንሥቼ «ይሄ ቢጫ ነው ወይስ ቢጫ መሳይ?» ስል ነበር የምውለው። ምግብ እየጣላችሁም አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ለአንድ ሳምንት 0 ካሉ ኩሬው ደርሷል። በእጅም ይታወቃል። ውሃ ውስጥ ያለውን ድንጋይ ስትነኩት ያሟልጫል። ያ ሙልጭልጭ ነገር ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትፈትጉት፣ ባክቴሪያው ያለው እሱ ላይም ነው። ማጣሪያውንም ስታጥቡ በቧንቧ ሳይሆን ከኩሬው በቀዳችሁት ውሃ እጠቡት።

አሁን አሳ

ባለ 3 በ2 ሜትሩን ለሚያህል ኩሬ በመጀመሪያ 3 ወይም 4 ትንንሽ ጎልድፊሽ ይበቃል። ትንሽ ናቸው ብላችሁ አትሸወዱ፣ ተራው ጎልድፊሽ ኩሬ ውስጥ 20 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ከረጢቱን እንደታሰረ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፉት፣ ሙቀቱ ይመጣጠን። ከዚያ ፈታችሁ በየ5 ደቂቃው አንድ ኩባያ የኩሬ ውሃ ጨምሩበት። መጨረሻ ላይ አሳውን በመረብ አውጥታችሁ ልቀቁት፣ የከረጢቱን ውሃ ወደ ኩሬው አታፍስሱ። በሽታም ቆሻሻም ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በመጀመሪያው ቀን አታብሏቸው። ከዚያም በ3 ደቂቃ ጠራርገው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጡ። ለ2 ሳምንት አሞኒያውን በየሁለት ቀኑ እዩ፤ ብቅ ካለ ምግብ አቁሙና ከውሃው ሩቡን ያህል ክሎሪን በሌለው ውሃ ቀይሩ። ቁጥሩ ሳይነቃነቅ 3 ሳምንት ካለፈ ሌላ 2 አሳ ማምጣት ትችላላችሁ። ጎህ ሲቀድ ላይ ወጥተው አየር ሲስቡ ካያችኋቸው ኦክስጅን አንሷል፤ ተክሎቹ ሌሊት እነሱም ኦክስጅን ይጠቀማሉ፣ ሞቃት ውሃም የሚይዘው ያንሳል። ፏፏቴውን ወይም የአየር ፓምፑን ሌሊትም አታጥፉት።

በሙቀት ወቅት ውሃው ይጎድላል፣ ትሞላላችሁ። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታውን አስቀድማችሁ ለሙሉው ኩሬ በሚሆን መጠን ጨምሩ፣ ውሃውንም በቀስታ ልቀቁት። ቧንቧውን ከፍታችሁ ደግሞ ስልክ እንዳታነሡ፤ ከነዚያ ከተረፉኝ 2 አሳዎች አንዱን ያጣሁት በሱ ነው።